እንደ ጓያ ነቃይ፦ ስድስት ቀን በጣና ዳር

ሰኞ፣ የካቲት 6 ቀን

ከአዲስ አበባ የተነሣሁበት አውሮፕላን ባሕር ዳር ያረፈው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከመውረዳችን በፊት በመስኮቱ ስመለከት የጣና ውኃ በዳርቻው ደፍርሶ ወደ መካከሉ እየጠራ ይሄዳል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፣ ውኃው ትንሽ ከፍ ሲል ብዙ መሬት ይውጣል፣ ትንሽ ሲሸሽም ብዙ መሬት ይመልሳል። እኔም የመጣሁት ሐይቁና ወንዞቹ ክረምት ወስደው በጋ በሚመልሱት በዚያ ጥቁር ዋልካ ላይ ስለሚበቅል አንድ ሰብል ነው።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። አውሮፕላኑ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት ዶክተር መሆኔን ሲሰሙ ስለ ጉልበታቸው ሕመም በዝርዝር ነገሩኝ፤ የሰው ሳይሆን የእህል ዘረመል የማጠና መሆኔን ስገልጽላቸው ደግሞ «ታዲያ ከተማ ለከተማ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ዝም አሉ። ጥያቄያቸው አልከፋኝም። ዶክትሬቴን ከጨረስሁ ወዲህ በውጭ አገር በሚገኝ ቤተ ሙከራ በሁለት ዓመት ውል ተቀጥሬ በተለምዶ ፖስትዶክ የሚባለውን ሥራ እሠራለሁ፤ ተማሪ እንዳልባል ትምህርቴን ጨርሻለሁ፣ መምህር እንዳልባል ወንበር የለኝም። ውሌ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶታል። ከዚያ በፊት የምርምሩን ውጤት ጽፌ ካላሳተምሁ ቀጣዩን ቦታ ማግኘት ይከብደኛል፤ ስለዚህም ከሁለቱ ዓመት አብዛኛውን ያሳለፍሁት ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነው።

የማጠናው ጓያን ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም የሚችል፣ ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ ፕሮቲን የበዛበት ጥራጥሬ ሆኖ ሳለ፣ ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ አሚኖ አሲድ ይዟል። ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ያህል ዋና ምግቡን ጓያ ያደረገ ሰው ሁለት እግሮቹ ሊተሳሰሩበት ይችላሉ፤ አንዴ ከደረሰ በኋላ ጉዳቱን የሚመልስ መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 ከዚሁ ሐይቅ በስተሰሜን በደንቢያ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ መንገድ ነው። የምርምሬ ጥያቄም፣ የመርዙን መጠን የሚወስነው ምን ያህሉ ዘረመሉ፣ ምን ያህሉ ደግሞ አፈሩና ውኃው ነው የሚል ነው።

ላፕቶፔ ውስጥ የ384 ናሙና መረጃ አለ። ቁጥሩ 384 የሆነበት ምክንያት ሳይንሳዊ አይደለም፤ ዲኤንኤ የምናኖርበት ሰሌዳ 96 ጉድጓድ ስላለውና ገንዘባችን የበቃው ለአራት ሰሌዳ ስለሆነ ነው። «የተሰበሰበበት ቦታ» በሚለው ዓምድ ሥር በ61 ረድፍ ላይ «ጎንደር» ከሚለው ቃል በቀር ምንም አልተጻፈም፤ እነዚያ በተሰበሰቡበት ጊዜ ደግሞ ጎንደር ማለት ከሰሜን ተራሮች እስከ ሱዳን ድንበር የሚዘረጋ ክፍለ ሀገር ነበር። ከዚህም የባሰው፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ካለው ከፎገራ መሰብሰባቸው በግልጽ የተጻፈላቸው ዘጠኝ ናሙናዎች በዘረመላቸው ከፎገራዎቹ ጋር ሳይሆን ከደንቢያዎቹ ጋር መመደባቸው ነው። ኃላፊዬ ስሕተት ናቸው ብላ አውጥተን እንድንጥላቸው ትፈልጋለች። እኔ ግን አንድ ሳምንት ጠይቄ መጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7 ቀን

ቀኑ በቢሮ አለቀ። ዘር ለምርምር መውሰድ ዛሬ እንደ ድሮው በኪስ ቋጥሮ መሄድ አይደለም። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁ ቢሆንም፣ ለወረዳው የሚጻፈው የትብብር ደብዳቤ አንድ ማኅተም ጎድሎት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጠበቀኝ። ስጠብቅ አልተማረርሁም ብል ውሸት ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ የውጭ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ፣ የሆላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በማኅተም ላይ ብዙ ሊያጉረመርም አይገባም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከማረፊያዬ ሆኜ ውጭ አገር ወዳለው ሰርቨር ገባሁ። የጓያ ጂኖም፣ ማለትም ሙሉው የዘረመል ጽሑፉ፣ ከ6 ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት፤ ይህም የሰውን እጥፍ ያህላል፤ ያን ሁሉ የተሸከመውም በ7 ጥንድ ክሮሞሶም ነው። ሙሉውን ለ384 ናሙና ማንበብ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ዲኤንኤውን በኢንዛይም ቆራርጠን ጥቂቱን ክፍል ብቻ እናነባለን፤ ከማሽኑ የሚወጣው እያንዳንዱ ቁራጭም 150 ፊደል ብቻ ነው። ችግሩን ለአባቴ ያስረዳሁት በዳዊት ነበር። መቶ ዳዊት ተበጣጥሶ ብጣሹ ሁሉ ቢደባለቅና ከየትኛው መዝሙር እንደ ሆነ ለይ ብትባል፣ ረዘም ያለ ቃል ያለበትን ብጣሽ ቦታውን ታገኝለታለህ፤ «ሃሌ ሉያ» ብቻ የተጻፈበትን ግን ከየትም ልታደርገው ትችላለህ። የጓያ ጂኖም አብዛኛው ክፍል እንደ ሃሌ ሉያ ራሱን የሚደጋግም ነው። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ዳዊቱን የደገመው ሰው ቢጠየቅ አይሻልም?» አሉኝ። ያኔ ስቄ አለፍሁት።

መስመሩ ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሥራውን ግን መስመሩ ቢጠፋም በራሱ እንዲቀጥል አድርጌ ስለጀመርሁት ተኛሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 8 ቀን

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሹፌሩና ከአንድ ወጣት የመስክ ረዳት ጋር የአባይን ድልድይ ተሻግረን፣ በዘንዘልማና በሐሙሲት አልፈን ወደ ወረታ ጉዞ ጀመርን። መንገዱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጉማራ ወንዝ በኋላ አገሩ ይለጥጣል፤ የፎገራ ሜዳ ነው።

ይህ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። ሩዝ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ከሁሉ በላይ ተለምዶ ሜዳው መልኩን ለወጠ፤ ዛሬ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፣ በከተማዋም የሩዝ መፈልፈያ ሞልቷል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ሩዙ ጓያን አለማባረሩን ነው። ገበሬው ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ፣ መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ፣ የጓያውን ዘር በቆመው ሩዝ መካከል ይበትነዋል፤ ሩዙ ታጭዶ ሲነሣ ጓያው በቀሪው እርጥበት ያድጋል። ሳይታረስ፣ ሳይታረም፣ ያለ አንዲት ጠብታ ዝናብ የሚገኝ ሁለተኛ ምርት ነው። ጓያ መዝራት ይቅር ብሎ መምከር ቀላል የሚመስለው ይህን ስሌት ላላየ ሰው ነው።

ማሳ ላይ የደረስነው ጤዛው ሳይነሣ ነበር። ጓያ የሚነቀለው በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከጠነከረበት ፍሬውን የያዘው እሸኮሩ እየፈነዳ ፍሬው ይረግፋል። ስድስት ሰዎች ተደርድረው፣ አጎንብሰው፣ በሁለት እጃቸው እየነቀሉ ወደ ፊት ይሄዳሉ። «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማውም ነቃዩን ሳይ የመጀመሪያዬ መሆኑን ስናገር አፈርሁ። የማሳው ባለቤት፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ የማያንስ ሰው፣ ቀና ብለው ሳቁ።

«ተረቱን የተረተው ነቅሎ የማያውቅ ነው» አሉኝ። «የፊቱን ያላየ ነቃይ ዘሩን በምን ይለያል?»

ከዚያም አሳዩኝ። እየነቀሉ ሳለ እሸኮሩ የበዛለትን፣ ፍሬው የሞላለትን አገዳ ለይተው በግራ ክንዳቸው ሥር ያደርጉታል፤ ሌላው ወደ ክምሩ ይወረወራል። በክንዳቸው ሥር የተያዘው ለሚመጣው ዓመት ዘር የሚሆነው ነው። እኔ በሰሌዳና በሰርቨር የማሳድደውን የዘር ምርጫ አሻራ ሰውየው በብብታቸው ይዘውት ቆመዋል። እስከ ዛሬ የሰበሰብናቸው ናሙናዎች ከክምሩ ይሁኑ ወይስ ከብብቱ የተጻፈ ነገር የለም፤ የሁለቱ ልዩነት ደግሞ ለእኔ ስሌት ትንሽ አይደለም፤ አንዱ ማሳውን እንዳለ ያሳያል፣ ሌላው ሰውየው ምን እንደሚፈልጉ። ማስታወሻዬ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርሁ።

ከዚህ ማሳ ፍሬ እንጂ ቅጠል መውሰድ አልቻልንም፤ ቅጠሉ ደርቋል። ፍሬውን ወስደን አብቅለን ከቡቃያው ዲኤንኤ እናወጣለን። ከየማሳው አፈርም በላስቲክ ቋጠርን፤ ዚንክ ባነሰው አፈር ላይ የበቀለ ጓያ ኦዳፑ ከፍ እንደሚል ቀደም ያሉ ጥናቶች ስላመለከቱ፣ አፈሩን ሳይመዝኑ በዘረመል ብቻ መፍረድ አይቻልም።

የማሳው ባለቤት ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አሉ። ዕለቱ ጾም ስለሆነ የቀረበው ሽሮ ነው፤ የምን ሽሮ እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። ረዳቴ እንጀራውን ይዞ አየኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ወር እንኳ፣ ከሌላ እህል ጋር የተበላ ጓያ ሰው አይጎዳም፤ አደጋው ሌላ የሚበላ ሲጠፋ ነው። ይህን በውጭ አገር ስብሰባዎች ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሣ ግን እጄ ለአፍታ ቆመ። ሽሮው ጣፋጭ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 9 ቀን

ዛሬ ወደ ሐይቁ ተጠግተን ወደ ናበጋ ወረድን። መኪናው ከተወሰነ ቦታ በላይ አልሄደም፤ ቀሪውን በእግር ነው። በዳርቻው እምቦጭ ደርቆ እንደ ጭድ ተከምሯል፤ ውኃው ላይ ያለው ግን አረንጓዴ ነው። ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ ዳርቻ ሰው ከዓሣውም ከግጦሹም ሲጣላ ኖሯል።

እዚህ ጓያው ሐይቁ ዘግይቶ በለቀቀው መሬት ላይ ስለተዘራ ገና እሸት ነው፤ ሰማያዊና ነጭ አበባም አልፎ አልፎ ይታያል። ከ40 ተክሎች ቅጠል ቆርጠን በወረቀት ፖስታ እያደረግን እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ቀበርነው። በአበባው ላይ የንብ ብዛት! ጓያ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ቢሆንም ንብ ከአንዱ ወደ ሌላው የአበባ ዱቄት ታደርሳለች፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀውን ዋሴን የመሰለ መርዙ ያነሰ ዝርያ ከአካባቢው ጓያ አጠገብ ዘርቶ ጠባዩን ለዓመታት ጠብቆ ማቆየት የሚያስቸግረው አንድም በዚህ ነው። መረጃዬ ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ የተዳቀሉ የሚመስሉ ናሙናዎችን የማሽን ስሕተት አድርጌ ምልክት አድርጌባቸው ነበር። ምልክቱን እንደማነሣው እዚያው ቆሜ ወሰንሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ቤት ገባን። በስፌድ ላይ ሁለት ዓይነት ጓያ ነበራቸው፤ አንዱ ነጣ ያለ፣ ሌላው ቡራቡሬ። ሁለቱንም እንዲሰጡኝ ጠይቄ የት እንዳገኟቸው ስጠይቅ፣ ነገሬ ሁሉ የተፈታው ባላሰብሁት ፍጥነት ነው።

«ቡራቡሬው የደንቢያ ነው» አሉ። «ውኃው የወሰደን ዓመት ጎታው ሁሉ ረጥቦ ዘር አልቀረንም። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ደንቢያ አክስቱ ዘንድ ሄዶ አንድ ቁና ተበድሮ መጣ። ለጎረቤትም ከዚያው ሰጠን።»

ውኃው የወሰዳቸው ዓመት 1998 ነው፤ በዚያ ክረምት ጎርፍ ፎገራንና ደንቢያን አጥለቅልቆ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። የእኔ ዘጠኝ «የተሳሳቱ» ናሙናዎች የተሰበሰቡት ከዚያ በኋላ ነው። ሌላ ማስረጃ እንደሚያስፈልገኝ አውቃለሁ፤ የአንድ ቤት ታሪክ ዘጠኙንም አያስረዳም፤ ቢሆንም ኮምፒውተሬ ለአራት ወር ያልመለሰውን እኚህ እናት ጓያ እያበጠሩ በአራት ዐረፍተ ነገር መለሱት። የአባቴ ጥያቄ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

በዚህ መካከል በሁለት ምርኩዝ እየተራመዱ አንድ ሰው ገቡ። ሲራመዱ ጉልበታቸው እርስ በርሱ ይጠላለፋል፤ ጣታቸው መሬት ይጭራል። እኔ ይህን አረማመድ የማውቀው ከመጻሕፍት ሥዕል ነው። የቤቱ እናት ምን እንደማጠና ሲነግሯቸው ቁጭ አሉና «ጓያ ሰብሮኝ ነው» አሉኝ፤ ሌላ ሰው ወድቆ እጁን እንደ ተሰበረ እንደሚናገረው አድርገው። ደንቢያ ሳሉ፣ ገና ጎረምሳ ሆነው፣ አንድ ጠዋት ተነሥተው መቆም አቃታቸው። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያመው ሲቀቀል እንፋሎቱ ነው ይል ስለነበር እናታቸው ጓያ ሲጥዱ ልጆቹን ከቤት ያስወጡ ነበር፤ ከዚያ ግን ገብተው ንፍሮውን ይበላሉ።

«አሁንስ ይበላሉ?» አልኋቸው።

«ውኃው ከተደፋ እበላለሁ» አሉ። የቤቱ እናት ጓያውን ዘፍዝፈው አሳድረው፣ ውኃውን ደፍተው፣ እንደ ገና አጥበው እንደሚቀቅሉ ነገሩኝ። መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት መጠኑን በእርግጥ ይቀንሰዋል። «ስንት ጊዜ ብደፋው ይበቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን፣ ለእርሳቸው ጓያና ለእርሳቸው ድስት የሚሆን ቁጥር አልነበረኝም። ከእያንዳንዱ ውኃ በኋላ መጠኑን ለክቼ እንድነግራቸው ከሁለቱም ዓይነት ግማሽ ኪሎ ጨምረው ሰጡኝ። ይህ በምርምር ዕቅዴ ውስጥ የለም። ስልካቸውን ተቀብዬ የእኔንም ሰጠኋቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 10 ቀን

ወደ ባሕር ዳር ተመልሰን ቀኑን ሙሉ ናሙና ስንለይ ዋልን። ቁጥር 47 ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ እየጻፍሁ ሳለ ረዳቴ ውኃ ሲሰጠኝ ቆጠራው ጠፍቶብኛል። በሌሎች ሰዎች 61 ረድፍ ላይ ለስንት ወር ስቆጣ ቆይቼ የራሴን ፖስታ በሁለተኛው ቀን አበላሸሁት። ደግነቱ ረዳቴ እያንዳንዱን ተክል ከፖስታው ጋር ፎቶግራፍ ያነሣ ስለነበር፣ በአበባው ቀለምና በስልኩ በተመዘገበው ሰዓት ሁለቱን ለየናቸው። ልጁ በዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው። ማታ በሐይቁ ዳር ዓሣ ጎሉሽ እየበላን፣ ባዮኢንፎርማቲክስ፣ ማለትም የዘረመል መረጃን በኮምፒውተር መተንተን፣ ለመማር ውድ ኮምፒውተር ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ለመጀመር አያስፈልግም፤ ትልቁ ሥራ የሚሠራው ሩቅ ባለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ አሮጌ ላፕቶፕና የማይቋረጥ መስመር ይበቃል አልሁት። «የማይቋረጥ» ስል ሁለታችንም ሳቅን። ፎቶግራፍ የማንሣቱ ሐሳብ የእርሱ ስለነበር ለኃላፊዬ በምጽፈው ላይ ስሙን አኖራለሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11 ቀን

ጠዋት ለኃላፊዬ ስለ ዘጠኙ ናሙናዎች ጻፍሁላት። መልሷ አጭር ነው፤ አይጣሉ፣ ነገር ግን በጎርፉ ታሪክ ላይ ከመመሥረትህ በፊት ከሌሎች ቢያንስ አሥር ቤቶች አረጋግጥ ትላለች። ልክ ናት። አሥሩን ቤት ረዳቴ በሚቀጥለው ወር እንዲጠይቅ ተስማማን፤ የሚከፈለው ከእኔ የጉዞ አበል በተረፈው ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የፍተሻ ሠራተኛዋ ፖስታዎቹን አንድ በአንድ ከፍታ፣ ፈቃዱን አንብባ፣ «ለጓያ ይህ ሁሉ?» አለችና አሳለፈችኝ።

ተቀምጬ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። የናበጋዋ እናት ናቸው። ነጣ ያለውን ጓያ ከእናቴ የወረስሁት ነው ብዬህ ነበር፣ ሌሊት ሳስበው ግን የእናቴ ዘር አምና አልቆ ኖሯል፣ ያ የሰጠሁህ ከጎረቤቴ የተቀበልሁት ነውና እንዳትሳሳት ልጄ አሉኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ቁጥር 52ን አገኘሁ፤ «ከማን ተገኘ» በሚለው አዲስ ዓምድ ሥር «እናት» የሚለውን አጥፍቼ «ጎረቤት» ብዬ ጻፍሁ። ጎረቤታቸውስ ከየት እንዳገኘችው ጠየቅኋቸው። ስልኩን ሳይዘጉ ወጥተው በአጥር በኩል ሲጣሩ፣ የሌላ ሴት ድምፅም ሲመልስ ይሰማኛል።

ከሐሙሲት ገበያ የገዛችው ነው አሉኝ ተመልሰው፤ ሻጩ ከየት እንዳመጣው ግን አልጠየቀችም።